ቆርቆሮው ሳያፈስ ለምን ይንጠባጠባል? ስለ ጋራዥና ዕቃ ቤት እርጥበት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ የተደወሉት ጥያቄዎች በሙሉ ማሞቂያ ስለሌላቸው የመኪና ማቆሚያዎችና ዕቃ ቤቶች ናቸው። መልሱ የግንባታ ባለሙያዎቻችን ነው።

ጥያቄ፦ የምደውለው ከአዲስ አበባ፣ ከኮተቤ ነው። ግቢዬ ውስጥ ሦስት በስድስት ሜትር የሆነ የመኪና ማቆሚያ አለኝ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላሜራ ነው። ክረምቱን ደህና ይከርምና ኅዳር ሲገባ ማለዳ ማለዳ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። ዝናብ የሚባል ነገር የለም። ሠራተኛ አስጠርቼ ምስማሩን ሁሉ በሲሊኮን አስደፈንኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጣሪያዎ አያፈስም፤ ያልባል። ደመና በሌለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። በክረምት ግን ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚይዘው ያን ያህል አይወርድም። ከጥቅምት እስከ ጥር የሚብሰው ለዚህ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዘው ከሥር ይመልከቱት። ጠብታው በቆርቆሮው ሆድ ሁሉ ላይ ተዘርቶ ካገኙት ላብ ነው። በአንድ ምስማር ወይም በአንድ መጋጠሚያ ዙሪያ ብቻ ከሆነና ሞራሌው ላይ ቡናማ ምልክት ከተወ ግን ፍሳሽ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ መፍትሔው የሚወጣው ከዚያ ነው። ቀን ላይ የክፍሉ አየር 18 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ቢኖረው፣ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ 9 ግራም ያህል ውሃ አለ። ይህ አየር 10 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ውሃ መጣል ይጀምራል። ቆርቆሮው 4 ዲግሪ ቢደርስ አየሩ ሊይዝ የሚችለው 6 ግራም ተኩል እንኳ አይሞላም። የእርስዎ ክፍል 50 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ ከአየሩ ብቻ የሚወጣው ውሃ 140 ግራም ቢሆን ነው። ያ 18 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ቆርቆሮውን ያረጥበዋል እንጂ ወለል አያጥብም። ስለዚህ መኪናዎ እስኪረጥብ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ አየሩን ውሃ የሚያጠጣው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ማታ ታጥባ የገባች መኪና፣ ክዳን የሌለው በርሜል፣ የተሰጣ ልብስ ወይም ወለሉ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ወለሉን ለመፈተሽ ምንም ገንዘብ አያስፈልግም። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፈው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉ፤ ለአንድ ሙሉ ቀን ይተዉት። ሲያነሡት ውሃው ከፕላስቲኩ ሥር ከሆነ ወይም ሲሚንቶው ጠቁሮ ከተገኘ እርጥበቱ ከመሬት እየወጣ ነው። ከላይ ከሆነ ግን የመጣው ከአየር ነው። ወለሉ በቅርቡ የተሞላ ከሆነ ደግሞ ራሱ ገና አልደረቀም ማለት ነው፤ በልምድ ለእያንዳንዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ወር ይታሰባል። አሥር ሴንቲ ሜትር ከሆነ አራት ወር ነው።

ከዚያ አየር ማስገቢያ። ለእንዲህ ዓይነት ክፍል ጥሩ መነሻ የወለሉን ስፋት ለ150 ማካፈል ነው። 18 ለ150 ሲካፈል 0.12 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ግማሹ ታች፣ ግማሹ ላይ። በተግባር ከአንዱ ግድግዳ ታች አንድ ብሎኬት፣ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ አንድ ብሎኬት ማውጣት ይበቃል። አንዱ ብሎኬት 20 በ40 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ወንፊቱ የሚሸፍነው ተቀንሶም በቂ ክፍተት ይቀራል። የታችኛው ጎርፍ እንዳይገባበት ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ የላይኛው ጣሪያው ሥር ድረስ ይጠጋ። ሁለቱም ላይ አይጥ የማያሳልፍ፣ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ወንፊት ይግባ፤ የቀዳዳው ወለል ወደ ውጭ ያዘንብል። ሁለቱንም በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ማድረግ ልፋት ብቻ ነው፤ አየሩ ክፍሉን አያቋርጥም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ነው ወደ ጣሪያው የምንሄደው። እዚያ ሁለት መንገድ ብቻ አለ። አንደኛው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ከቆርቆሮው ሥር አስገብቶ መጋጠሚያውን ሁሉ በቴፕ በማሸግ የክፍሉ አየር ብረቱን ጨርሶ እንዳይነካ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ኮርኒስ ሠርቶ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከጣሪያው ጫፍ እስከ ጫፍ ነፋስ እንዲያገኝ መተው ነው። ከሁለቱ መሐል የቀረ ሥራ ከምንም የከፋ ነው። ሳይታሸግና ነፋስ ሳያገኝ ሞራሌው ላይ የተመታ ችፑድ ላቡን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያቆመውም፤ ውሃው ላዩ ላይ እየተኛ ችፑዱን ያሳብጠዋል፣ ሞራሌውንም ያበሰብሰዋል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው። ስንዴና ገብስ የማስቀምጥበት ዕቃ ቤት አለኝ። ግድግዳው ጋር የነኩት ጆንያዎች ሻግተዋል። ማታ ማታ ከሰል አያይዤ በሩን እየዘጋሁ ላደርቀው እየሞከርኩ ነው። ቡታጋዝ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ከሰሉን ያቁሙ። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም፤ ጠዋት በሩን የሚከፍተውን ሰው ሊጥለው ይችላል። ቡታጋዙ ደግሞ ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም፤ በዚያ ላይ አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። ሊያደርቁት በገቡበት ቤት ውሃ እየጨመሩ ነው።

ጆንያው የሻገተው ግድግዳው ከእህሉ ስለሚቀዘቅዝና አየር መሐሉ ስለማይገባ ነው። ከግድግዳ 50 ሴንቲ ሜትር ያርቁት፤ ከወለል ደግሞ ፓሌት ወይም እንጨት ደርድረው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ጆንያውን በፕላስቲክ መሸፈን ይቅር፤ እህሉ የሚያወጣው እርጥበት ፕላስቲኩ ሥር ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። በርና መስኮቱን ፀሐይ በሚጠነክርበት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይክፈቱ፤ ከዚያ ይዝጉ።

እህሉ ራሱ እርጥብ ሆኖ ከገባ ግን ይህ ሁሉ አያድነውም። ስንዴም ገብስም ሲከማች እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ነው የሚሻለው። መለኪያ ከሌለዎት በጣም የደረቀ ጠርሙስ ይውሰዱ፤ ሲሶው ድረስ እህል፣ ላዩ ላይ ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨምሩበት፤ ክዳኑን ዘግተው ለአንድ ደቂቃ ይወዝውዙት፤ 15 ደቂቃ አሳርፈው ይዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተለጠፈ ከ15 በታች ነው ማለት ብቻ ስለሆነ አንድ ቀን ተጨማሪ ፀሐይ አይጎዳውም። ጥሩ ሆኖ የደረቀ እህል ካለዎት አየር የማያስገቡት ድርብርብ ከረጢቶች አስተማማኝ ናቸው። እርጥብ እህል ግን ፈጽሞ አይታሸግባቸው።

ጥያቄ፦ ከደሴ። የጋራዡ ግድግዳ እስከ አንድ ሜትር ቁመት ልስኑ እየተላጠ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ሁለት ጊዜ በዘይት ቀለም ቀባነው፤ በየዓመቱ ይመለሳል።

መልስ፦ ያ ዱቄት ጨው ነው። ከመሬት የሚወጣው ውሃ ጨውን ይዞ ይመጣና ግድግዳው ላይ ሲተን ጨው ይቀራል፤ ጨው ሲጠጥር ልስኑን ገፍቶ ይጥላል። የዘይት ቀለም ውሃው እንዳይተን ስለሚዘጋው ከፍ ብሎ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ስለዚህ አይድገሙት።

መጀመሪያ ወደ ውጭ ይውጡ። አሸንዳው የት ነው የሚያፈሰው? 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሊትር ውሃ ነው፤ ያ ሁሉ ግድግዳው ሥር ከፈሰሰ ቀለም አይመልሰውም። መውረጃውን በቱቦ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያርቁት ወይም ወደ ቦይ ያስገቡት። አፈሩ ከውስጠኛው ወለል ከፍ ብሎ ግድግዳውን ከደገፈ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ይነሣ፤ መሬቱም በእያንዳንዱ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘንብል። ከዚህ በኋላ ልስኑን ነጩ ከደረሰበት 30 ሴንቲ ሜትር በላይ ድረስ ያንሱ፤ ጨውን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ውሃ አይንካው፣ መልሶ ያስገባዋልና። ቢያንስ አንድ በጋ ያድርቁት። ሲለስኑት በኖራ ይለስኑት፤ ቀለሙም ኖራ ይሁን።

ጥያቄ፦ መሣሪያዎቼ እየዛጉ ነው። ጨው ወይም ከሰል በሳህን ማስቀመጥ እርጥበት ይመጥጣል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለአንድ ሙሉ ክፍል አይበቃም። ጨው ደግሞ አየሩ በጣም ሲረጥብ ይቀልጥና ብረት ላይ ከደረሰ ዝገቱን ያብሰዋል። መፍቻዎቹን በስሱ ዘይት ቀብተው በደንብ የሚዘጋ ሣጥን ውስጥ ያድርጉ፤ ሣጥኑ ውስጥ 100 ግራም ያህል ሲሊካ ጄል፣ ማለትም እርጥበት የሚመጥጠውን ፍሬ ፍሬ ነገር ይጨምሩ። ሲሞላ በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ከሲያትል ነው። ጋራዣችን ማሞቂያ የለውም። ክረምቱን የሚሠራ ዲሂዩሚዲፋየር፣ ማለትም የአየር እርጥበት ማድረቂያ ማሽን ገዛሁ፤ ማሽኑ ውስጡ በረዶ እየሠራ ይቆማል። ካርቶኖቹም ሻግተዋል።

መልስ፦ ማሽኑ አልተበላሸም፤ ዓይነቱ ነው የማይሆነው። ኮምፕረሰር ያለው ማሽን ውሃ የሚይዘው ከክፍሉ አየር በጣም በሚቀዘቅዝ ቱቦ ላይ ነው። ክፍሉ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ይደክማል፤ 5 ዲግሪ አካባቢ ቱቦው በረዶ ይለብሳል። ለእናንተ ክረምት የሚሆነው እርጥበቱን በሚመጥጥ፣ እንደ ጎማ በሚሽከረከር ክብ አካል የሚሠራው፣ ዴሲካንት የሚባለው ነው። ዜሮ ድረስ ይሠራል፣ የሚያወጣውም አየር ሞቅ ያለ ነው፤ መብራት ግን ይበላል። 55 ወይም 60 በመቶ ላይ ያድርጉት፤ ባልዲ ከመድፋት በቱቦ ወደ ውጭ ያፍስስ።

ይህ ማሽን ሲሠራ ቀደም ብለን ለኮተቤዋ እህታችን የነገርናትን ተቃራኒ ማድረግ ያስፈልጋል፦ ክፍሉ ይዘጋ። የበሩ ሥር ያለው ጎማ ተቀዶ ከሆነ የሲያትልን ሰማይ ለማድረቅ ነው የሚከፍሉት። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ጋራዡ ውስጥ ካለ የእሱን አየር ማስገቢያ አይድፈኑ። የልብስ ማድረቂያው ቱቦም ወደ ጋራዥ የሚተነፍስ ከሆነ ወደ ውጭ ይውጣ፤ አንድ ዙር ልብስ ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ይለቃል። መኪናው ዝናብ ይዞ ሲገባ ወለሉን በጎማ መጥረጊያ ወዲያው ወደ ውጭ መግፋት ከማሽኑ ብዙ ሥራ ይቀንሳል። ካርቶን ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ፤ ልብሱ ወደ ፕላስቲክ ሣጥን ይዛወር፣ ሣጥኑም መደርደሪያ ላይ ይውጣ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ጁን ላይ የጋራዡ ወለል ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። ይድረቅ ብዬ በሩን ቀኑን ሙሉ ከፍቼ እውላለሁ፤ ይብስበታል።

መልስ፦ የሚያረጥበው የከፈቱት በር ነው። ውጭው 28 ዲግሪና 70 በመቶ እርጥበት ሲሆን ያ አየር 22 ዲግሪ በሆነ ነገር ላይ ሁሉ ውሃ ይጥላል። ከክረምቱ የቀዘቀዘው ወለል 17 ወይም 18 ዲግሪ ላይ ነው። የአየር ሁኔታ መተግበሪያዎች ዲው ፖይንት የሚሉትን፣ አየሩ ውሃ መጣል የሚጀምርበትን የሙቀት ቁጥር ያዩና ወለሉን በርቀት በሚለካ ቴርሞሜትር ይለኩ። የውጭው ቁጥር ከወለሉ ሙቀት በታች ሲሆን ይክፈቱ፤ ከበለጠ ይዝጉ። በዚህ ወቅት ክፍሉ ሞቃት ስለሆነ ተራው ኮምፕረሰር ያለው ማሽን በደንብ ይሠራልዎታል።