የሞኔን ፀሐይ አስመስሎ መሳል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

«መምህር፣ ጀማሪ ነኝ። ከፈረንሳዊው ሠዓሊ ከሞኔ ሥዕሎች በየትኛው ልጀምር?»

እ.ኤ.አ. በ1872 በፈረንሳይ ለሃቭር ወደብ በሳላት «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» ጀምሪ፤ «ኢምፕሬሽኒዝም» የሚለው የሥዕል ስልት ስም የመጣው ከእሷ ነው። ዋናዋ 48 በ63 ሳንቲሜትር ናት፤ 38 በ50 ሸራ ላይ ሳትዛባ ትገባልሻለች። የቀለም ቱቦ ሳትከፍቺ ግን ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ እያት፤ ጨለማና ብርሃኑን ብቻ። መርከቡም ጀልባውም ይቆይ።

«ፀሐይዋን በነጭና በቢጫ ባደምቃትም አትበራም።»

ስለጨመርክ ነዋ! የሞኔን ሥዕል በስልክህ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረህ እይ፤ ፀሐይዋ ሰማዩ ውስጥ ልትጠፋ ምንም አይቀራትም። የሚያበራት ንጣቷ ሳይሆን ብርቱካናማው ከሰማያዊው ግራጫ ጋር መጋጨቱ ነው። ሰማዩን ስስ አድርገህ ቀባ፣ ይድረቅ፤ ከዚያ ብርቱካናማውን ወፈር አድርገህ አንዴ አሳርፍና እጅህን አንሣ። የራስህንም ሥዕል በስልክ ፈትሽ። ዓይን ጠበብ!

«ቀለሜ ጭቃ ጭቃ ይላል።»

ብሩሹን በየጭረቱ ጥረጊ፤ እርጥብ ቀለም ላይ አትመላለሺ።

«ብሩሼን የምጠርግበትን ጨርቅ ካርቶን ውስጥ አጠራቅማለሁ። ቀለሙን የማቀጥነው በቤንዚን ነው።»

በስመ አብ! ሁላችሁም ስሙኝ። በዘይት ቀለማችሁ ውስጥ ያለው የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ነው የሚጠጥረው፣ ሲዋሐድም ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ከተሰጣ ሙቀቱ ይበተናል። ተጨባብጦ ሲከመር ግን መውጫ ያጣል፤ ክብሪት ሳይጫርበት ከሰዓታት በኋላ ራሱ ይነድዳል፣ እናንተ ተኝታችሁ። እያንዳንዱን ጨርቅ ደጅ፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ ለየብቻ ስጡት፤ አለዚያ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ ንከሩት። ቤንዚኑንም ተዉት! ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ተስቦ ማዶ ያለ ምድጃ ዘንድ ይደርስና እዚያ ይቀጣጠላል። ለማቅጠን ለሥዕል የተዘጋጀውን ማቅጠኛ፣ መስኮት ከፍታችሁ። ብሩሽ ለማጽዳት እሱም አያስፈልግም፦ በምግብ ዘይት አላቅቁት፣ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ እጠቡት። የጠረጋችሁበት ጨርቅ እሱም ይሰጣል።

«ስሥል ራሴን ያዞረኛል፣ ደረቴን ያፍነኛል።»

ማቅጠኛውን ዛሬውኑ አቁሚ፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ የጠርሙሱን ስም ጽፈሽ ያዢ። በሬዲዮ የሚታከም አይደለም።

«ሲያልቅ የሞኔን ፊርማ ልጻፍበት?»

በፍጹም! የራስህን ፈርም፣ ከጀርባው «ከሞኔ የተቀዳ» በል። ፓሪስ ባለው የሉቭር ሙዚየም ውስጥ ሥዕል የሚቀዱት እንኳ መጠኑን ከዋናው የመለየት ግዴታ አለባቸው። ለመሆኑ አንተስ ጨርቅህን የት ነው የምታኖረው?