ቆርኪ የሚቆጥረው ልጅ፦ የኬጂ ምልከታ ማስታወሻ እንዴት ይጻፋል?

[ምስል፦ ጠዋት፣ የኬጂ ግቢ፣ የዛፍ ጥላ]

ሰላም ለእናንተ፣ ድሬዳዋ ላይ ኬጂ የምታስተምሩ እህት ወንድሞች። ዛሬ ስለ ምልከታ ማስታወሻ፣ ልጁ ሲጫወትና ሲማር አይተን ስለምንጽፈው ማለት ነው፣ እናወራለን።

መዝገብ ስንገልጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው እንዲህ ያለ ነው፦ «ጸጥተኛ ነው። መቁጠር አይችልም።» ይህን ያነበበች ሌላ መምህርት ነገ ምን ታድርግ? ምንም ፍንጭ የላትም። ልጁ ግን ስም ወጥቶለታል፤ ስሙም ከክፍል ክፍል ይከተለዋል።

ያንኑ ልጅ እስቲ ጠጋ ብለን እንየው።

[ምስል፦ በእጅ የተጻፈ ወረቀት]

«ማክሰኞ፣ 3 ሰዓት ከ10። ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ብቻውን። ስድስት ቆርኪ አሸዋው ላይ ደረደረ። በጣቱ እየነካ ‹ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር› አለ። አምስተኛውን ዘለለው። ስድስተኛውን ነክቶ ‹ሸን› አለ። ቆም ብሎ ቆርኪዎቹን አየ። ከመጀመሪያው ጀመረ።»

ይኸው! ልጁ ይቆጥራል፤ በኦሮምኛ። እስከ አምስት ያለውን ቅደም ተከተል ያውቃል። ገና ያልጸናለት ለእያንዳንዱ ቆርኪ አንድ ቁጥር መስጠቱ ነው። ደግሞ የሆነ ነገር እንዳልገጠመ የጠረጠረ ይመስላል። ማንም ሳያርመው ነው ተመልሶ የጀመረው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው።

«ይመስላል» ማለቴን ልብ በሉ። ያየነው ተመልሶ መጀመሩን ነው፤ መጠርጠሩ ግምት ነው። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ መስመር አስምሩ። ከላይ ያያችሁትንና የሰማችሁትን፣ ከታች ግምታችሁን ጻፉ። ቀጥሎ የነገውን፦ «አምስት ቆርኪ እሰጠዋለሁ። አንድ በአንድ እየገፋን መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ከዚያ በአማርኛ አብረን እንቆጥራለን።»

ድሬ ላይ አንድ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ ልጆች ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ አንዳንዴም ሐረሪ ይዘው ይመጣሉ። «አይናገርም» ብሎ ከመጻፍ በፊት ከማን ጋር፣ በየትኛው ቋንቋ የሚለው መጠየቅ አለበት። ከጓደኛው ጋር ሲጫወት አዳምጡት። ያለውን እንዳለ ጻፉት። ካልገባችሁ ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባ፣ አለዚያም በር ላይ ልጇን ልትወስድ የመጣችውን እናት ጠይቁ። እናትየውም በዚያው የልጇን ነገር ትነግራችኋለች።

ሰዓቱንም አትዝለሉ። ከቀትር በኋላ በድሬ ሙቀት የተዝለፈለፈ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ጠዋት ያያችሁትን ከሰዓት ካያችሁት ጋር አስተያዩ። በአንድ ቀን ማስታወሻ ስለ ልጁ መደምደም አይቻልም።

የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤም ስለ ሕፃናት አስተሳሰብ ከጻፈው ብዙው የተነሣው የራሱን ሦስት ልጆች እያየ ከመዘገበው ነው። የመጀመሪያዋ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር። የሕፃን እጅ ወዴት እንደተዘረጋ፣ አሻንጉሊት ሲደበቅበት ምን እንዳደረገ እያለ ነው የጻፈው።

«ክፍሉ ሞልቶ የሁሉንም መቼ ልጽፍ ነው?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ፤ የሁሉንም በአንድ ቀን አይቻልም። በቀን ሦስት አራት ልጅ ምረጡ። ኪሳችሁ ውስጥ ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይኑር። እዚያው ቁልፍ ቃላቱን ጫር አድርጉ፤ ልጆቹ ሲሄዱ፣ ሳትረሱት፣ ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ።

በስልክ ፎቶ ማንሣት ከፈለጋችሁ ግን ወላጅ ይፍቀድ። ፎቶውም ማስታወሻውም ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ።

አርብ ላይ የሳምንቱን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርጓቸው። የሚረብሹትና ቶሎ የሚመልሱት ልጆች ደጋግመው ተጽፈው ታገኛላችሁ። ምንም ያልተጻፈለት ማን ነው? ሰኞ ከእሱ ጀምሩ።