ካይሮ ድረስ ሄዶ እስክንድርያን በአንድ ቀን? አይሆንም

ሄለን፦ እሺ ጤና ይስጥልን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የጉዞ ወሬ ነው። ብሩክ እናቱን ይዞ ሊሄድ አስቧል፣ እና እቅዱን ቤት ከምንሰራው እዚሁ ማይክ ላይ እንስራው ብለናል፣ ምናልባት ሌላም ሰው ይጠቀምበታል። በል ተናገር የት ነው?

ብሩክ፦ ግብፅ። እማዬ ድሮም ኢየሩሳሌም ሄዳለች፣ አሁን የቀረኝ የማርቆስ መንበር ነው እያለች ነው፣ እስክንድርያ ማለቷ ነው። እኔ ያሰብኩት ምንድነው፣ ካይሮ አርፈን ፒራሚዱን ሙዚየሙን እናያለን፣ ከዛ አንድ ቀን በጠዋት ባቡር እስክንድርያ ሄደን ቤተክርስቲያኑን ተሳልመን ማታ እንመለሳለን።

ሄለን፦ ኧረ ብሩኬ አይሆንም! እኔ እዚህ ጉዳይ ላይ አልደራደርም። ብዙ ሀበሻ እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ካይሮ አምስት ስድስት ቀን ይቀመጥና እስክንድርያን ወይ ጭራሽ አያያትም ወይ ለምሳ ደርሶ ይመጣል። ከካይሮ 220 ኪሎሜትር ገደማ ነው የምትርቀው፣ ባቡሩ ሁለት ሰአት ተኩል ሶስት ሰአት ይወስዳል፣ ሲመለስ ሌላ ሶስት ሰአት፣ በመሀል ምን ይቀርሃል? ደግሞ ከተማዋ የማታ ከተማ ናት፣ ፀሀይ ዘቅዘቅ ሲል ነው ሰው ሁሉ ወደ ኮርኒሹ፣ ወደ ባህር ዳሩ መንገድ ማለቴ ነው፣ የሚወጣው፣ ያኔ አንተ ጣቢያ ሄደህ ወረፋ ልትይዝ ነው። ቢያንስ ሶስት ሌሊት እደሩ።

ብሩክ፦ ሶስት ሌሊት የሚሞላ ነገር አላት ግን? ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ ስለ እስክንድርያ የማውቀው ቤተመፃህፍቱ ተቃጠለ የሚለውን ነው።

ሄለን፦ እሱንማ ሁሉም ያውቃል። አየህ እኔን የሚቆጨኝ ምን መሰለህ፣ እኛ ይቺን ከተማ ከልጅነታችን ጀምሮ ስሟን እየሰማን ነው ያደግነው፣ ግን የምትኬድ ቦታ አትመስለንም። እናትህ ቅዳሴ ያስቀድሳሉ አይደል? ቅዳሴ አትናቴዎስ፣ ቅዳሴ ቄርሎስ፣ ቅዳሴ ዲዮስቆሮስ፣ ሶስቱም የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ናቸው። አርዮስም የዛው ከተማ ቄስ ነበር፣ በኋላ በ325 ኒቅያ ላይ 318ቱ ሊቃውንት የተሰበሰቡበት ጭቅጭቅ የተነሳው እዛ ነው። ፍሬምናጦስ ከአክሱም ተነስቶ ሄዶ ጳጳስ ስጡን ብሎ የጠየቀው አትናቴዎስን ነው፣ እሱም ሌላ ማንን እንላክ ብሎ ፍሬምናጦስን ራሱን ቀብቶ መለሰው፣ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው። ከዛ በኋላ እስከ 1959 ድረስ፣ በፈረንጆቹ ነው የማወራው ዛሬ አመቱን ሁሉ፣ ቤተክርስቲያናችን ከዛ መንበር ጋር ነው የተያያዘችው። 1600 አመት!

ብሩክ፦ በ1959 ነው አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ የሆኑት አይደል?

ሄለን፦ አዎ፣ የሾሟቸው ደግሞ የእስክንድርያው ፓትርያርክ አባ ቄርሎስ ስድስተኛ ናቸው። የሳቸው መቃብር ከእስክንድርያ ወጣ ብሎ መርዩጥ በረሃ ውስጥ ያለው የቅዱስ ሚናስ ገዳም ነው፣ እሳቸው ያቋቋሙት ገዳም ነው። እናትህን ሳታሳያቸው እንዳትመለስ። ግብፆቹ ማር ሚና ነው የሚሉት፣ መኪና ተከራይታችሁ ግማሽ ቀን ብትመድቡለት ይበቃል። እናቶች መቃብሩ ላይ ትንንሽ ወረቀት ላይ የፃፉትን ልመና ሲያስቀምጡ ታያለህ፣ ልክ እዚህ እኛ ጋ ስለት እንደሚባለው።

ብሩክ፦ ይሄን ብነግራት ዛሬ ማታ ሻንጣ ታዘጋጃለች። ማርቆስ ራሱስ?

ሄለን፦ ማርቆስ መሀል ከተማ ነው፣ ራምል ጣቢያ የሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ በእግር። ህንፃው አዲስ ነው፣ የ1950ዎቹ ነው፣ ስለዚህ ላሊበላ የመሰለ ጥንታዊ ነገር ጠብቃችሁ እንዳትሄዱ። ክብሩ ከስር ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ፓትርያርኮች አፅም ያረፈበት ቦታ አለ፣ የቅዱስ ማርቆስም ራስ እዛ ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። አካሉን የቬኒስ ነጋዴዎች በ828 ሰርቀው ወስደውት ነበር፣ በ1968 ነው ከፊሉ ወደ ካይሮ የተመለሰው፣ ጃንሆይም በዛ በአል ላይ ተገኝተዋል። አንድ ነገር ግን፣ መግቢያው ላይ ጠበቅ ያለ ፍተሻ አለ፣ ፓስፖርት ይያዙ። በ2017 የሆሳዕና እለት በር ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሰው አልቋል፣ ከዛ ወዲህ ፖሊሱ አይቀልድም፣ ልክ ናቸው።

ብሩክ፦ ነፍስ ይማር። እሺ መቼ እንሂድ? እኔ እረፍት የማገኘው ወይ ሀምሌ ነሀሴ ነው ወይ ጥቅምት ነው።

ሄለን፦ ጥቅምት! አትጠይቀኝ እንኳን። ሀምሌና ነሀሴ ካይሮ ሲቃጠል ህዝቡ በሙሉ ቤተሰቡን ይዞ እዛ ነው የሚወርደው፣ የህዝብ ዳርቻዎቹ ላይ አሸዋው አይታይም በጃንጥላ ብዛት፣ ሆቴልም ይወደዳል። ጥቅምት ላይ ባህሩ የበጋውን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ገና አልቀዘቀዘም፣ ሰዉ ሄዷል፣ አየሩ ለእናት ይመቻል። ከህዳር አጋማሽ በኋላ ደግሞ የክረምት ማእበል ይጀምራል፣ አሳ አጥማጆቹ ለየማእበሉ ስም አውጥተውለታል፣ መክነሳ፣ ቃሲም፣ ፈይዳ እያሉ በየትኛው ሳምንት ማን እንደሚመጣ ይነግሩሃል። ያኔ ውሀው ኮርኒሹን ዘሎ መንገዱ ላይ ነው የሚፈሰው። እሱም የራሱ ውበት አለው ግን እናት ይዞ አይሆንም።

ብሩክ፦ ጥቅምት ሌላም ጥቅም አለው፣ ከሮብና አርብ በቀር የአዋጅ ፆም የለም። ህዳር 15 ፆመ ነቢያት ከገባ እማዬ አሳ አትነካም፣ ባህር ዳር ተቀምጣ...

ሄለን፦ ግብፆቹ በዛ ፆም አሳ ይበላሉ፣ እናትህን ግን እናውቃቸዋለን! በፆም ቢሆንም ግን እንደ ግብፅ የሚመች ሀገር የለም፣ ሲያሚ በላቸው፣ የፆም ማለት ነው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ፉል በዘይት፣ ጣእሚያ የሚሉት የባቄላ ጥብስ፣ ኩሸሪ የሚሉት ሩዝ ከምስርና ከመኮሮኒ ጋር፣ ሁሉም እንዳለ የፆም ነው። ሮብና አርብ እሱ ነው የምትበሉት። በሌላው ቀን ግን አሳ። ባሕሪ የሚባል ሰፈር አለ፣ ከአሮጌው ወደብ ጎን፣ አሳ አጥማጆቹ ያሉበት። እዛ ሜኑ የሚባል ነገር እርሳው። በር ላይ በረዶ ላይ የተደረደረ አሳ አለ፣ አይኑን ታያለህ፣ ጠርቶ ወጣ ያለ መሆን አለበት፣ ጆሮውን ገለጥ ታደርጋለህ ቀይ መሆኑን ለማየት፣ ከዛ ይሄን ትላለህ፣ ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል፣ ዋጋውን እዛው ትስማማለህ፣ ይሄ ወሳኝ ነው ከተበላ በኋላ አይደለም። ከዛ እንዴት ይሰራ ይልሃል። ፉርሽካ ቀብተው ከሰል ላይ ይጠብሱታል፣ ላዩ ጥቁር ብሎ ያራል፣ ሲመጣ ቆዳውን ገፈፍ ስታደርገው ውስጡ ነጭ፣ እርጥብ፣ ሎሚ ጨመቅ አድርገህ በጣሂናና በትኩስ እንጀራቸው፣ አይሽ የሚሉት ዳቦ ማለቴ ነው። ሽንኩርቱ እስኪጠቁር ተጠብሶ የሚሰራ ሩዝም አለ፣ ሰያዲያ ይሉታል፣ ሳታዝ እንዳትነሳ።

ብሩክ፦ ራበኝ እኮ። ስጋስ?

ሄለን፦ የእስክንድርያ ጉበት! በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስ ጠበስ አድርገው ዳቦ ውስጥ፣ መንገድ ላይ ቆመህ። ቃሪያ ስለሚበዛበት ለሀበሻ የተሰራ ነው የሚመስለው።

ብሩክ፦ እሺ ምግቡ ተዘጋ። ታሪካዊ ቦታዎቹን አስቀድሚልኝ፣ የእማዬን ጉልበት አስበሽ ግን።

ሄለን፦ ጉልበት ካልክ ኮም ኤል ሹቃፋን አንተ ብቻ ውረድ። የምድር ስር መቃብር ነው፣ በ1900 አንድ አህያ መሬት ተደርምሶባት ወደ ውስጥ ገብታ ነው ተገኘ የሚባለው። እየዞረ የሚወርድ ደረጃ አለው፣ የመጨረሻው ወለል ውሀ ገብቶበታል። ዋናው ክፍል በር ላይ ስትደርስ ቆም በልና እይ፣ የግብፆቹ አኑቢስ አለ አይደል የውሻ ራስ ያለው፣ እሱን የሮማ ወታደር ጥሩር አልብሰው ቀርፀውታል። ግብፁም ግሪኩም ሮማዊውም እዚች ከተማ ውስጥ እንዴት አብረው እንደኖሩ እዛ ግድግዳ ላይ ነው የታየኝ። ሌላ ቦታ እንደዛ አላየሁም።

ብሩክ፦ እማዬስ እኔ ስወርድ የት ትቀመጥ?

ሄለን፦ መጀመሪያ አብራችሁ አምዱን እዩ፣ እዛው አቅራቢያ ነው። የፖምፔ አምድ ይሉታል ግን የፖምፔ አይደለም፣ በ298 አካባቢ ለዲዮቅልጥያኖስ የቆመ ነው። ይሄን ለእናትህ ንገራቸው፣ ሰማዕታቱን የፈጀው ንጉስ ማለት ነው፣ ግብፆቹ አመተ ሰማዕታት ብለው ከሱ ንግስ ከ284 ነው ዘመናቸውን የሚቆጥሩት። እኛ 2018 ስንል እነሱ 1742 ነው የሚሉት፣ ወሩና ቀኑ ግን አንድ ነው፣ እንቁጣጣሽ በኛ መስከረም 1 የነሱም አዲስ አመት ነው። 27 ሜትር ገደማ ቁመት አለው፣ አንድ ወጥ ከአስዋን የመጣ ቀይ ግራናይት። እናትህ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጠው ቀና ብለው ማየት ነው።

ብሩክ፦ ቤተመፃህፍቱስ? አዲሱ ማለቴ ነው።

ሄለን፦ የ2002 ነው፣ ኖርዌዮች ናቸው ንድፉን የሰሩት፣ ወደ ባህሩ የተጋደመ ትልቅ ክብ ጣራ ነው። ውጪው ግድግዳ ላይ ወደ 120 የሚሆኑ የአለም ፊደላት ተቀርፀዋል፣ አንተ ፊደላችንን ፈልግ እዛ ላይ። ውስጡ 2,000 ሰው የሚያነብበት አዳራሽ ነው፣ እንደ እርከን እየወረደ። የድሮው ግን ለኛ ሌላ ትርጉም አለው፣ ብሉይ ኪዳን ከእብራይስጥ ወደ ግሪክ የተተረጎመው እስክንድርያ ነው፣ ሰባ ሊቃናት እኮ፣ በንጉስ በጥሊሞስ ዘመን። የኛ የግእዙ ብሉይ ከዛ ከግሪኩ ነው የመጣው። እናትህ በየቀኑ የሚደግሙት ዳዊት በዛች ከተማ በኩል ነው ያለፈው።

ብሩክ፦ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ሄልዬ፣ በእግዚአብሔር።

ሄለን፦ እኮ! ለዛ ነው አንድ ቀን አይበቃም የምልህ። ደግሞ ቃይትባይ አለ፣ ምሽጉ፣ ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 ያሰራው። ፋሮስ የቆመበት ቦታ ላይ ነው፣ ያ ከመቶ ሜትር በላይ የነበረው የመርከብ መብራት ማማ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ እየፈረሰ ሄዶ የ1303ቱ ክፉኛ ጎዳው። ግድግዳው ላይ የገቡት ቀይ ድንጋዮች ከሱ ፍራሽ ናቸው ይባላል። ከሰአት በኋላ አስር ሰአት አካባቢ ሂዱ፣ ብርሀኑ ጥሩ ነው፣ ከዛ በኮርኒሹ በእግር ወይ በታክሲ መመለስ። ባህሩ ከተማዋን እየገፋት ነው፣ ዳር ዳሩን በሙሉ ትልልቅ የሲሚንቶ ብሎክ ደርድረው ነው የሚከላከሉት፣ ታየዋለህ። የንጉሶቹ ሰፈር የነበረው ድሮ ውሀ ውስጥ ገብቷል።

ብሩክ፦ ቪዛውስ? በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የምንሄደው።

ሄለን፦ በኤምባሲ ነው፣ ቀድማችሁ ጀምሩ፣ እዛ ደርሼ አወጣለሁ እንዳትል። አሜሪካ ፓስፖርት ያላቸው አድማጮቻችን ሌላ ነው፣ እነሱ ኤርፖርት ላይ ይወስዳሉ። ከአዲስ ካይሮ ቀጥታ በረራ አለ፣ ከዛ ራምሴስ ጣቢያ ሄዳችሁ ባቡር። እስክንድርያ ሁለት ዋና የባቡር ጣቢያ ነው ያላት፣ መጀመሪያ ሲዲ ጋብር ይመጣል፣ እናንተ የመጨረሻው ላይ ነው የምትወርዱት፣ ምስር ጣቢያ፣ መሀል ከተማ እሱ ነው። ታክሲዎቹ ቢጫና ጥቁር ናቸው፣ ከመግባትህ በፊት ዋጋ ተነጋገር ወይ በኡበር ጥራ።

ብሩክ፦ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር፣ የአባይ ወሬ። ሀበሻ ነን ስንል ምን ይሉናል?

ሄለን፦ ሊነሳ ይችላል፣ ሹፌር ሊጠይቅህ ይችላል። እኔን የገጠመኝ ሰው ጨዋ ነበር፣ ሻይ ጋብዞ ነው የሚጠይቅህ። በትህትና መልስ፣ ክርክር አታንሳ። ቤተክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ከሀበሻ መጡ ሲባል እናትህን ከፊት ነው የሚያስቀምጧቸው፣ ነጠላቸውን ይልበሱ።

ብሩክ፦ ሆቴልስ የት ልያዝ?

ሄለን፦ ራምል ጣቢያ ዙሪያ፣ ቤተክርስቲያኑም ባህሩም በእግር እንዲሆንላቸው። ባህር የሚያይ ክፍል ጠይቅ፣ ግን ከመክፈልህ በፊት አሳንሰሩ ይሰራል ወይ በል፣ ህንፃዎቹ የድሮ ናቸው፣ አራተኛ ፎቅ በእግር ሊያስወጧቸው ነው። ኮርኒሹ ላይ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ጡሩምባ ነው፣ እንቅልፍ ለሚቸግረው ሰው ከጎን ያለው ክፍል ይሻላል።

ብሩክ፦ በቃ ካይሮን ወደ ሁለት ሌሊት አወርደዋለሁ፣ ሶስቱን እስክንድርያ። የማር ሚናን ቀን ከመመለሻችን በፊት ያለውን ቀን አደርገዋለሁ።

ሄለን፦ አይ፣ እሱን ሁለተኛው ቀን ላይ አድርገው፣ የመጨረሻው ቀን ነፃ ይሁን፣ እናትህ ማርቆስን ድጋሚ እንሳለም ማለታቸው አይቀርም። ፓስፖርታቸው ስድስት ወር እንዳለው ዛሬውኑ እየው፣ ከዛ ደውልልኝ።