ናፍጣ ያለ ካንዴላ እንዴት ይነዳል?

ሰላም ሰላም! ዛሬ ሐዋሳ ነን፣ አስፋልት ዳር። እስቲ አንዴ ዝም ብላችሁ ስሙ።

[ድምፅ፦ ባጃጅ ያልፋል፤ ከኋላው አይሱዙ]

የመጀመሪያው ባጃጅ ነው፣ ቤንዚን። ሁለተኛው አይሱዙ ነው፣ ናፍጣ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ትለዩዋቸዋላችሁ አይደል? አንዱ ይንጣጣል፣ አንዱ ያንኳኳል። ሁለቱም ሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ፒስተን አላቸው፣ ሁለቱም ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኝ ቢየላ አላቸው፣ ሁለቱም አየር የሚያስገባና ጭስ የሚያስወጣ ቫልቭ አላቸው። የሚለያዩት አንድ ነገር ላይ ነው። እሱን ከያዛችሁ ድምፁም፣ ክብደቱም፣ ጭሱም፣ የጥገናው ዋጋም ከዚያው ይመዘዛል።

ቤንዚን ሞተር ይለኮሳል። ናፍጣ ሞተር አይለኮስም፤ ይግላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አራቱን ምት ታውቃላችሁ ብዬ እሮጣለሁ፦ ሳበ፣ ጨመቀ፣ ገፋ፣ ተፋ። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ሁለት ዙር ሲዞር አንድ ሲሊንደር አንዴ ብቻ ጉልበት ይሰጣል። ዙሩ በደቂቃ 3,000 ከሆነ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ያቃጥላል። ቤንዚኑ ሲስብ አየርና ነዳጅ ተቀላቅለው ይገባሉ፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር። ከ9 እስከ 11 እጥፍ ይጨመቃል፤ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ካንዴላው፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሰጪው፣ ብልጭ ይላል። (ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች አሉ፤ የእነሱን ጉዳይ ለሌላ ቀን።) ናፍጣው ሲስብ ግን አየር ብቻ ነው። አየር ብቻ! ከ16 እስከ 22 እጥፍ ይጨመቃል፣ አየሩ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፣ ያኔ ኖዝሉ (የናፍጣ መርጫው) ይረጫል፣ ናፍጣው ይነዳል። አለቀ። ኦቶ በ1876 ባለ አራት ምቱን ሞተር ለሥራ አበቃ፤ ሩዶልፍ ዲዝል ደግሞ በ1897 አውግስቡርግ ላይ የራሱን በአግባቡ አስነሳ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«አየር ተጨምቆ ብቻ ይሄን ያህል ይግላል?» ካላችሁ ጎሚስታ ጋ ሂዱ። ኮምፕሬሰሩ ትንሽ ከሠራ በኋላ አየሩን ከሚጨምቀው ክፍል ወደ ታንኩ የሚወርደውን ቱቦ እዩ። እዩ አልኩ፤ አትንኩት፣ ያቃጥላል። ማንም እሳት አላነደደበትም፤ በዋናነት ያጋለው የተጨመቀው አየር ነው።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ። ሐዋሳ ድረስ የመጣነው ለእሱ ነው፤ ለቪዲዮ ብቻ ነው ብል ማን ያምነኛል! አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ ጥብስ።

ዓሣ የምትጠብሰውን ሴት ተመልከቷት። መጀመሪያ መጥበሻው ላይ ያለው ዘይት ብቻ ነው። ዓሣው ገና ሳህን ላይ ነው። ናፍጣ ሞተር ውስጥም መጀመሪያ የሚገባው አየር ብቻ ነው ብለን የለ? ዘይቱ እስኪግል ትጠብቃለች። አትቸኩልም። ከዚያ ቆሮሶውን ለቀቅ ስታደርገው «ቸስስስ!» ይላል። ማን ለኮሰው? ማንም። ክብሪት የለም፣ ብልጭታ የለም። የገባበት ግለት ራሱ ይሠራዋል።

ቆይ፣ አላለቀም። ዓሣውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ጎንና ጎኑ በቢላ ተሸንትሯል። ለምን? ግለቱ ቶሎ ወደ ውስጥ እንዲገባ ነዋ! ሳይሸነተር የገባ ወፍራም ዓሣ ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ኖዝል የሚሠራው ይሄንኑ የመሸንተር ሥራ ነው። ናፍጣውን በጣም ጠባብ በሆኑ ቀዳዳዎች አሹልኮ ጉም ያደርገዋል። የድሮው ሜካኒካል ኖዝል ከ120 እስከ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ላይ ይከፈታል፤ የዛሬው ኮመን ሬል (ለሁሉም ኖዝል ከአንድ የጋራ ቱቦ ናፍጣ የሚያድለው) ከ1,600 ባር በላይ ይደርሳል። ኖዝሉ ሲያረጅ መርጨቱን ትቶ ያንጠባጥባል። ጠብታው ያልተሸነተረ ዓሣ ነው፤ ላዩ ይከስላል፣ ያ ከሰል ደግሞ በጭስ ማውጫ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጥቁር ጭስ ስታዩ «ሞተሩ አለቀለት» ከማለታችሁ በፊት ኖዝሉን አስወርዳችሁ አስፈትሹ።

ሌላም አለ። ዘይቱ ሳይግል ዓሣ ብትጨምርስ? ድምፅ የለም፤ ዝም ብሎ ዘይት ይጠጣል። ናፍጣ መኪና ጠዋት ሲነሳ የሚተፋው፣ ዓይን የሚቆጠቁጠው ነጭ ጭስ ይሄው ነው፤ ሳይቃጠል የተነነ ናፍጣ። ካንዴሌታ (የናፍጣ ሞተር ማሞቂያ) ሞቷል፣ ወይ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ወርዷል፣ ወይ የመርጫ ሰዓቱ ዘግይቷል። ሞቆም ነጩ ጭስ ካልጠፋና ራዲያተሩ ውኃ እየቀነሰ ከሄደ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ አይሠራም፤ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ። ዘይቱ መጥበሻው ላይ ይቆያል፤ አየር ግን ያልቃል። ጭነት ይዛችሁ ዳገት ላይ እስከ ወለሉ ስትረግጡት ናፍጣው ከአየሩ ይበዛል፣ ጥቁር ጭስ ይመጣል። አየር ማጣሪያው በአቧራ ሲዘጋም እንደዚያው። ኖዝል ከማስፈታታችሁ በፊት ማጣሪያውን አውጥታችሁ እዩ፤ እሱን ማየት ገንዘብ አያስወጣም።

የራባችሁ ሰዎች ቪዲዮውን አቁማችሁ ብሉ። ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ሂዱ እንጂ!

ኳኳታውስ? ናፍጣው እንደተረጨ በዚያችው ቅጽበት አይነድም፤ ትንሽ ይዘገያል። በመዘግየቱ የተጠራቀመው ሁሉ አንዴ ሲነድ «ኳ!» ይላል። ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መዘግየቱ ይረዝማል፣ ኳኳታውም ይብሳል። ያንን ምት ለመቻል ነው ብሎኩም፣ ፒስተኑም፣ ክራንኩም የሚወፍሩት። ውድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን ባለፈው ቪዲዮ ስር ወደተነሳው ጭቅጭቅ። እንዲህ ትላላችሁ፦ «ናፍጣ ላይ ክብሪት ቢጣል ይጠፋል። ቤንዚን ግን ከሩቅ ይይዛል። ታዲያ ቶሎ የሚይዘው ቤንዚን ካንዴላ እየፈለገ፣ እንቢተኛው ናፍጣ እንዴት በራሱ ይነዳል? ካንዴሌታው ነው የሚለኩሰው!» ጥያቄው ጎበዝ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ስህተት ነው። በነገራችን ላይ የክብሪቱን ነገር ማንም እንዳይሞክረው።

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው፣ ነዳጁ እሳት ሲጠጋው የሚይዝ ትነት በስንት ዲግሪ ይሰጣል? ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይሰጣል። ናፍጣ ከ52 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ክብሪቱ ናፍጣ ላይ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ የሚይዘው ትነት የለም። ሁለተኛው፣ እሳት ሳይነካው፣ በግለት ብቻ፣ በስንት ዲግሪ ይነዳል? እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ናፍጣ ከ210 እስከ 250 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል፤ ቤንዚን ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ሲጨመቅ በራሱ ላለመንደድ ያለው እንቢታ ነው። ሴቴን ማለት ደግሞ የናፍጣው እሺታ ነው። ተቃራኒ ናቸው። «ቤንዚን ላይ ትንሽ ናፍጣ ጠብ ባደርግ ጉልበት ይጨምርልኛል» የምትሉ ባለባጃጆች፣ እየቀነሳችሁ ያላችሁት ያንን እንቢታ ነው። ካንዴላው ብልጭ ሳይል ይነዳል፣ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይበላል።

ካንዴሌታው ደግሞ ማሞቂያ ነው። ቁልፉን ስትከፍቱ ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው ጥምዝምዝ ብርቱካናማ መብራት የእሱ ናት። መብራቷ እስክትጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ አስነሱ። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ፣ የሞቀ ናፍጣ ሞተር እየሠራ ወደ ካንዴሌታው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ምንም አይሰማውም። የባጃጅ ካንዴላ ብልጭታ ቢቋረጥ ግን እዚያው ይጠፋል። ለዚህ ነው ቤንዚን ሞተር ብልጭታ ተነፍጎት ሲጠፋ ናፍጣ ሞተር ግን ናፍጣው ወይም አየሩ ካልተቋረጠ የማይጠፋው።

ስለ ኮምፕሬሽን አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰው ያለአግባብ ሞተር የሚያስወርድበት ነው። ሐዋሳም አዳማም ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 18 በመቶ ያህል ያንሳል። የመኪናው መጽሐፍ 30 ባር ካለ፣ ጤነኛው ሞተር እዚህ 25 ባር አካባቢ ቢያሳይ አትደንግጡ። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ 25 ሆነው አንዱ 18 ከሆነ፣ አዎ፣ ችግር አለ። የወረደው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ፤ ከፍ ካለ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። ይሄ ዘዴ ለቤንዚን ሞተር ነው የሚመቸው፤ ናፍጣ ላይ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ዘይት ካበዛችሁ ቢየላ ታጣምማላችሁ።

በስህተት ናፍጣ መኪና ላይ ቤንዚን ከተቀዳስ? አይፈነዳም። ፖምፓውና ኖዝሉ የሚለሰልሱት በናፍጣው ቅባትነት ነው፤ ቤንዚን ያንን ያጥበዋል፣ ብረት ብረትን ይፍቃል። ቁልፉን አትክፈቱ፤ ብዙ መኪና ላይ ቁልፍ ሲከፈት ታንኩ ውስጥ ያለው ፖምፓ ይነሳል። እዚያው ማደያው ላይ ገፍታችሁ ዳር አውጡት፣ ታንኩን አስገልብጡ፣ የናፍጣ ማጣሪያውን ቀይሩ፣ ከዚያ አየር አስወጡ።

አየር ማስወጣቱ እንዲህ ነው። ማጣሪያው ራስ ላይ ያለችውን ብሎን አላሉ፣ የእጅ ፖምፓውን ደጋግማችሁ ጫኑ፤ አረፋው አልቆ ንጹህ ናፍጣ ብቻ ሲወጣ አጥብቁ። የድሮ ሞተር ከሆነ ደግሞ ኖዝሎቹ ጋ ያሉትን ቱቦዎች ግማሽ ዙር አላልታችሁ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) አዙሩ፤ በአንዴ ከ10 ሰከንድ አታስበልጡ፣ መሃል ላይ አሳርፉት፣ አለዚያ ሞተሪኖው ይቃጠላል። ናፍጣ ጠብ ጠብ ሲል አንድ በአንድ አጥብቁ። ኮመን ሬል ከሆነ ግን ወደ ኖዝል የሚሄደውን ቱቦ በፍጹም እንዳታላሉ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቀዳዳዋ ትንሽ ብትመስልም ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ቀጣዩ ቪዲዮ ስለ ተርቦ ነው። የእናንተ ሰፈር አይሱዙ ምን ዓይነት ጭስ እንደሚተፋ ከታች ጻፉልኝ፤ ነጭ፣ ጥቁር ወይስ ሰማያዊ? ሰማያዊ ካላችሁ የሞተር ዘይት እየነደደ ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱን ለክታችሁ ኑ።