«ካርታ አለሽ?» ለሚለው ባንክ ምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ልብስ ስፌት አለኝ። ስድስት መኪና፣ አራት ሠራተኛ። ብድር ልጠይቅ ባንክ ስሄድ ገና ሳልቀመጥ «የቤት ካርታ አለሽ?» ይሉኛል። ቤቱ ኪራይ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መኪኖቹ ራሳቸው መያዣ መሆን ይችላሉ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ይፈቅዳል። ማሽን፣ ሱቅ ውስጥ ያለ ዕቃ፣ ከብት፣ ከደንበኛ የሚሰበስቡት ዱቤ ሳይቀር ይያዛል። መያዣው ብሔራዊ ባንክ ባለው መዝገብ ስለሚሰፍር ሌላ አበዳሪም ያየዋል።

ታዲያ ለምን ካርታ ካርታ ይላሉ? ብድር ክፍል ሠርቻለሁና እውነቱን ልንገርዎ። ቤት በሐራጅ ቶሎ ይሸጣል። ያገለገለ የስፌት መኪና ግን ማን በስንት ይገዛዋል? ገማቹም ግራ ይገባዋል። ሕጉ ይፈቅዳል እንጂ ባንኩን አያስገድድም። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ኋላ ላላ አለ። ግን ገንዘብ ሲጠብ መጀመሪያ ከሰልፉ የሚወጣው ትንሹ ነጋዴ ነው።

እርስዎ የመኪኖቹን የግዢ ደረሰኝ ይፈልጉ። ሽያጩንም በሂሳብዎ ያሳልፉ። ስንቱ ነጋዴ ግብር ፈርቶ በካሽ ሲሠራ ከርሞ፣ የሂሳብ እንቅስቃሴ አምጣ ሲባል ባዶ ወረቀት ይዞ ይመጣል! እንደ ቴሌብር መላ ያሉት ያለ መያዣ የሚሰጡ የስልክ ብድሮችም የሚያዩት እንቅስቃሴ ነው፣ በዚያው በስልኩ ሂሳብ የሚያልፈውን። መኪና ባይገዙም ክርና ጨርቅ ይገዛሉ። ብቻ ክፍያውን አንብበው ይቀበሉ።

ጥያቄ፦ ሚኒ ማርኬት አለኝ። አንዱ ዘይትና ስኳር ወስዶ «ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት አሳየኝ። ማታ ሂሳቤን ሳይ የለም። ባንኩ ይከፍለኛል?

መልስ፦ አይከፍልም ወንድሜ፣ ገንዘቡ ባንኩ ጋ አልደረሰማ። ስክሪንሾት ሥዕል ነው፤ ቁጥሩን በስልክ መቀየር ደቂቃ አይፈጅም። የሚታመነው የራስዎ መተግበሪያ ላይ የሚታየው ሂሳብ ብቻ ነው። ኔትወርክ ቢዘገይም ዘይቱ ባንኮኒው ላይ ይቆይ። ደንበኛው ይቀየማል፣ ይቀየም። ማጭበርበሩን ግን ለፖሊስ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፣ ጎረቤቴ ግን እዚያው ባንክ ከዚያ በላይ ያገኛል። ለምን?

መልስ፦ 7 በመቶው በ2010 የተቀመጠ ወለል ነው፣ ጣሪያ አይደለም። ጎረቤትዎ ምናልባት በጊዜ ገደብ አስቀምጦ ተደራድሯል። ብዙ ብር ያለው ይደራደራል፣ ሌላው የተሰጠውን ይቀበላል። መጠየቅ ግን በነፃ ነው፤ ሁለት ሦስት ባንክ ዞረው ይጠይቁ።