ሃይፋ ያረፈው ካናዳዊ አብራሪ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሃይፋ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራላችሁ እዚሁ ከተማችን ስለተቀበረ አንድ ካናዳዊ ነው። ጆርጅ በርሊንግ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1921 ሞንትሪያል አጠገብ ቨርደን ተወለደ። ቤተሰቡ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር። የልጁ ልብ ግን ሰማይ ላይ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የካናዳ አየር ኃይል ትምህርትህ አይበቃም ብሎ መለሰው። እሱ መች እጅ ሰጠ! በጭነት መርከብ ተቀጥሮ ብሪታንያ ገባ። እዚያ ደግሞ የልደት ወረቀትህ የታለ? አሉት። ለካ ቤት ጥሎት ኖሯል። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ባደፈጡበት ባሕር ተመልሶ፣ ወረቀቱን ይዞ እንደገና ተሻገረ። እኛ ለአንድ ፎርም ነገ ተመለሱ ስንባል እንዴት እንደምንነጫነጭ አስቡት!

በሰኔ 1942 ማልታ ደረሰ። ደሴቷ በጀርመንና በጣሊያን ቦምብ እየተደበደበች፣ ሕዝቡም እየተራበ ነው። ሰሜን አፍሪካ ላለው የጀርመኑ አዛዥ የሮሜል ጦር ስንቅ የሚጭኑ መርከቦች ከማልታ በሚነሱ አውሮፕላኖች ይመቱ ስለነበር፣ ደሴቷን ማንበርከክ የግድ ሆኖባቸዋል።

በርሊንግ ስፒትፋየር የተባለውን የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ይዞ ወጣ። በአራት ወር ገደማ 27 አውሮፕላን ጣለ። ምስጢሩ ምን መሰላችሁ? የሚበር አውሮፕላን ላይ ካነጣጠርክ ትስተዋለህ። ጥይቱ እስኪደርስ እሱ አልፏል። ስለዚህ ከፊቱ ያለውን ባዶ ሰማይ ነው የምትመታው። ስንት ክንድ ከፊቱ? በርሊንግ ይህን ሲያሰላ ይውላል። መሬት ላይ ሲሆን ሽጉጡን ይዞ እንሽላሊት ያድናል። እንሽላሊቷ ሩቅ ያለ የጠላት አውሮፕላን የምታክልበት ርቀት ላይ ሆኖ ይተኩሳል። ጓደኞቹ ቢገረሙበት አይፈረድም።

ጻድቅ አላደርገውም። ትእዛዝ አይወድም፤ ቡድኑን ጥሎ ብቻውን ይከንፋል። አለቆቹን አስመርሯል።

በጥቅምት እሱም ተመታ። ተረከዙ ቆስሎ በፓራሹት ባሕር ላይ ወረደ። ወደ አገሩ ሲመለስም የተሳፈረበት አውሮፕላን ጂብራልታር ላይ ባሕር ገባ። ዋኝቶ ወጣ! ካናዳ እንደ ጀግና ተቀበለችው፤ ከዚያ የጦርነት ቦንድ ሻጭ አደረገችው። እሱ ደግሞ መድረክ አይሆንለትም። ጦርነቱ ሳያልቅ፣ በ1944 ከአየር ኃይሉ ተሰናበተ።

በ1948 ለእስራኤል ልብረር ብሎ ተመዘገበ። አይሁዳዊ አልነበረም። ለገንዘብ ነው ያሉ ነበሩ። እኔ ግን መብረር ያልወጣለት ሰው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን፣ አገሪቱ በታወጀች በ6ኛው ቀን፣ ሮም ላይ አንዲት ኖርስማን አውሮፕላን ሊያሳርፍ ሲል ተከሰከሰ። አብሮት የነበረው በጎ ፈቃደኛ አብራሪም ሞተ። በርሊንግ ገና 26 ዓመቱ ነበር። ኖርስማን ደግሞ ሞንትሪያል ውስጥ ይሠራ የነበረ አውሮፕላን ነው፤ ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ።

አስከሬኑ በ1950 ወደ ሃይፋ መጣ። መቃብሩ ካርሜል ተራራ ግርጌ፣ ወታደሮች በሚያርፉበት ቦታ ነው። ማየት የምትፈልጉ ስንጨርስ ንገሩኝ፣ አብረን እንሄዳለን። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።