የይለፍ ቃሉ ልክ ነው፣ የተሳሳተው ኪቦርዱ ነው

ሰላም! ዛሬ ያለሁት ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለች የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ ነው።

[ምስል፦ ላፕቶፑ፣ ከቅርብ]

ይሄ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ኡቡንቱ ተጭኖበታል። የሱቋ ባለቤት ትናንት የይለፍ ቃሏን ቀየረች። ዛሬ ጠዋት ብትጽፍ፣ ብትጽፍ፣ «ተሳስተሻል» ይላታል። ደንበኛ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ቆሟል። ፎርማት ላስደርገው ብላ ልትወጣ ስትል ነው የደወለችልኝ። እባካችሁ፣ ለዚህ ብላችሁ ፎርማት አታስደርጉ! የስንት ሰው ፋይል አለበት።

የምትጽፉት እንዲታያችሁ፣ የይለፍ ቃል መጻፊያው ውስጥ ያለችውን የዓይን ምልክት ንኩ። አሁን ዋይ (Y) የሚለውን ፊደል ልጫን።

[ምስል፦ ጣት ዋይ ላይ፤ ስክሪኑ ላይ ዜድ]

ዜድ ወጣ! የጀርመን የኪቦርድ አቀማመጥ ነው፤ እዚያ ዋይና ዜድ ቦታ ይለዋወጣሉ። በፈረንሳይኛው ደግሞ ኤና ኪው። የድሮው የይለፍ ቃሏ ቁጥር ብቻ ስለነበር እስከ ዛሬ ሳይታወቅ ቆየ። በአዲሱ ውስጥ ዋይ አለ።

ስለዚህ ለዋይ ዜድን ተጭነን ገባን። ግን ልብ በሉ፦ የመግቢያው ስክሪንና የውስጡ ቅንብር ለየብቻ ናቸው። የእሷ ውስጡ ድሮም የአሜሪካ ነው። መስተካከል ያለበት የመግቢያው ነው። ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ክፈቱና «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኪቦርድ-ኮንፊገሬሽን» ብላችሁ የአሜሪካን እንግሊዝኛ ምረጡ፤ ከዚያ ሪስታርት።

[ትእዛዙ በስክሪኑ ላይ ይታያል]

አማርኛውስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ ስትገቡ «አማርኛ» የሚል ታገኛላችሁ። እሱ ለአንድ ቁልፍ አንድ ምልክት ነው የሚሰጠው፤ እንደለመድነው ተነባቢና አናባቢ አያጣምርም። የምትፈልጉት «ሴራ» የሚለውን ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደላት ስትጽፉ ወደ አማርኛ ፊደል የሚቀይር የአጻጻፍ ዘዴ ነው። ከሌለ «አይባስ-ኤም17ኤን» የሚባለውን ሶፍትዌር ጫኑ፤ ከዚያ ሎግ አውት ብላችሁ ተመለሱ። ሎግ አውቱን ካለፋችሁት ዝርዝሩ ውስጥ ላይመጣላችሁ ይችላል።

መቀያየሪያው የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ከስፔስ ጋር ነው። ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከወጣ ኪቦርዱን አትንኩት፤ የጎደለው ፎንት፣ ማለትም የፊደሎቹ ቅርጽ ያለበት ፋይል፣ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑ።

ካፕስ ሎክንም እዩ። በሴራ ትንሹ ቲ «ት» ነው፣ ትልቁ ቲ «ጥ»።

[ምስል፦ «ጥያቄ» የሚለው ቃል ሲጻፍ]

ይኸው፣ የደንበኛው ማመልከቻ ተጀመረ።